ደብረ ብርሃን ሆኜ የትኛውን ዕድል ልከተል? ለአንዲት አርክቴክት የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። ደብረ ብርሃን ውስጥ በአንድ አማካሪ ቢሮ የምሠራ አርክቴክት ነኝ። ከተመረቅኩ አራት ዓመት ሆነኝ። የሙያ ማኅበራችን አባል ነኝ፤ መዋጮዬንም በየዓመቱ እከፍላለሁ። በቴሌግራም የሚመጣው ዜና ማለቂያ የለውም፦ ውድድር፣ ሥልጠና፣ ኮንፈረንስ፣ ሽልማት። ግማሹ በዶላር ክፈሉ ይላል። ሥልጠናው ሁሉ አዲስ አበባ ነው። አምና ሁለት ውድድር ጀምሬ አንዱንም ሳልጨርስ ቀረሁ። እንደ እኔ ላለች የክፍለ ሀገር አርክቴክት የሚሆነው የትኛው ነው? መዋጮውስ ይጠቅማል ይላሉ?

መልስ፦ እህቴ፣ እንዲህ ያለ ጥያቄ ከብዙ ከተማ ይደርሰኛል። ያንቺን ያስቀደምኩት ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ብቻ ርቀሽ የሩቅ ሰው ሆነሽ ስለታየሽ ነው። ርቀቱ የኪሎ ሜትር ጉዳይ ብቻ እንዳልሆነ ይገባኛል። መንገድ ይዘጋል፣ ኔት ይቆረጣል፣ አለቃም በሥራ ቀን ፈቃድ አይሰጥም።

አጭሩ መልሴ ይኸው፦ መዋጮውን ክፈይ። ከሚመጣልሽ ዜና ግን አብዛኛውን እለፊው። በዓመት አንድ ውድድር፣ አንድ ሥልጠና፣ እዚያው ሰሜን ሸዋ ውስጥ ደግሞ አንድ የራስሽ ጥናት ያዢ። ጥናቱ ውድድሩን ይመግበው፤ ሥልጠናውም ለሁለቱ የሚሆን ይሁን። ለምን እንዲህ እንደምል ዘርዘር አድርጌ ላስረዳሽ።

ከውድድር ልጀምር። ብዙ ልጆች የሚያነቡት ፖስተሩን ነው። ፖስተር ላይ የሽልማት ገንዘብና የመጨረሻ ቀን አለ። ሁለቱም ስለ ውድድሩ ጥራት ምንም አይነግሩሽም። አንቺ ሙሉ ደንቡን አውርጂ። እኔ ደንብ ሲደርሰኝ መጀመሪያ የምፈልገው የዳኞቹን ስም ነው። ከሌለ እዘጋዋለሁ። «ታዋቂ ባለሙያዎች ይዳኙታል» ማለት ማንም አልተጠየቀም ማለት ሊሆን ይችላል።

ለዚህ መለኪያ የሚሆን ነገር አለን። በ1948 እ.ኤ.አ. ሎዛን ላይ የተመሠረተው ዓለም አቀፍ የአርክቴክቶች ኅብረት ከዩኔስኮ ጋር የወጣ የውድድር ደንብ አለው። ዳኞቹ ጎዶሎ ቁጥር ይሁኑ፣ ከሰባትም አይብለጡ ይላል። አብላጫዎቹ ገለልተኛ የሙያው ሰዎች መሆን አለባቸው። ሥራው ስም ሳይጻፍበት በኮድ ይገባል። ጥያቄ የሚቀርብበት ጊዜ ይኖራል፤ መልሱም ለሁሉም ተወዳዳሪ እኩል ይላካል። የፈጠራ መብቱ ከሠራው ሰው ጋር ይቆያል። አገር ውስጥ የሚወጣ ውድድር ይህን ሁሉ ላያሟላ ይችላል። ግን አንዱንም ካላሟላ ሌሊትሽን አትስጪው።

በተለይ በኮድ መግባቱን አጥብቀሽ እዪ። በ1981 እ.ኤ.አ. ዋሽንግተን ላይ ለቬትናም ጦርነት መታሰቢያ ውድድር ሲወጣ 1,421 ሥራ ገባ። ዳኞቹ የመረጡት 1026 ቁጥር የተሰጠውን ነበር። ስሙ ሲታይ ማያ ሊን ሆነች፤ የ21 ዓመት የዬል ዩኒቨርሲቲ ተማሪ። ከተሸነፉት መካከል ስመ ጥር ቢሮዎች ነበሩ። ስም ተጽፎ ቢቀርብ ኖሮ ዳኞቹ ያን ሰሌዳ (ሥዕሉ ተደርድሮ የሚቀርብበትን ገጽ) በዚያው ዓይን ያዩት ነበር ብዬ አላምንም። አዲስ አበባ ውስጥ ስምሽን የሚያውቅ ሰው ከሌለ፣ ስም የማይታይበት ውድድር ከማንም በላይ ላንቺ ነው የሚጠቅመው።

ዶላሩን በተመለከተ ቁርጥ ያለ ሐሳብ አለኝ። ገንዘብ አስከፍሎ የሐሳብ ውድድር የሚያወጣ ድርጅት ብዙ ነው። ሕንፃው አይሠራም፤ ቦታውም አንዳንዴ የለም። አሸናፊው ምስሉ ይለጠፍለታል፣ በቃ። ለተማሪ መለማመጃ ሊሆን ይችላል። አራት ዓመት ለሠራ ሰው ግን ያ ገንዘብ መጽሐፍ ቢገዛበት ይሻላል። ውድድሩ በእውነት ካማረሽ ለአዘጋጆቹ አጭር ደብዳቤ ጻፊላቸው፦ «ከኢትዮጵያ ነኝ፤ በውጭ ምንዛሪ መክፈል ይከብደኛል፤ ክፍያውን ትተዉልኛላችሁ?» በዪ። አንዳንዶቹ እሺ ይላሉ። እምቢ ካሉም የጠፋብሽ አንድ ደብዳቤ ነው።

አሁን ወደ ጀምረሽ ወደተውሻቸው ሁለቱ ልምጣ። ለምን እንደቀሩ አልነገርሽኝም፤ ግን ብዙውን ጊዜ ምክንያቱ አንድ ነው። ሐሳቡ ሳይጠራ ሥዕሉ ይጀመራል። ሦስት ሳምንት በሞዴሊንግ ያልቃል፤ ከዚያ ቀኑ ይደርስና ሁሉም ነገር ጥሬ ሆኖ ይቀራል። ጊዜሽን ከመጨረሻው ቀን ወደ ኋላ ቁጠሪው። ፋይል የምትልኪበት ቀን ከደንቡ ቀን ሦስት ቀን ይቅደም፤ ኔት እንደሆነ አይታመንም። ከዚያ በፊት ያለው አንድ ሳምንት ሰሌዳውን ለማቀናጀት ብቻ ይሁን። ከቀረው ጊዜ ግማሹን በእርሳስ አሳልፊ። ሐሳቡን ለእናትሽ በሁለት ዓረፍተ ነገር ማስረዳት ካልቻልሽ ኮምፒውተር አትክፈቺ።

በዳኝነት ተቀምጬ የማየውንም ልንገርሽ። በመጀመሪያው ዙር አንድ ሰሌዳ ፊት የሚቆመው ሰው ለጥቂት ደቂቃ ነው። በዚያች ጊዜ አንድ ሥዕል መናገር አለበት። ከሁሉ የሚናገረው ደግሞ ጥሩ ሴክሽን፣ ማለትም ሕንፃው ከላይ እስከ ታች ተቆርጦ ውስጡ የሚታይበት ሥዕል ነው። ሴክሽን ላይ ፀሐይ የት እንደምትገባ፣ ውሃው የት እንደሚወርድ፣ ሰው የት እንደሚቀመጥ በአንዴ ይታያል። የእኛ ልጆች ግን ሴክሽኑን በመጨረሻው ሌሊት ነው የሚቆርጡት። ሬንደሩንም፣ ማለትም በኮምፒውተር የሚሠራውን ፎቶ መሳይ ምስል፣ ልብ በዪ። ለደብረ ብርሃን የተሠራ ቤት ፊት የአውሮፓ ዛፍ ቆሞ፣ ባለ ቁምጣ ፈረንጅ ብስክሌት ሲነዳ አያለሁ። ደብረ ብርሃን በታኅሣሥ ቁምጣ? ዳኛው የሚጠይቀው «ይህ ሰው ቦታውን አይቶታል?» ብሎ ነው። ጋቢ የደረበች ሴት ፀሐይ ስትሞቅበት የምትውለውን ግድግዳ ሳዪ። ቦታውን እንደምታውቂው ያኔ ያምንሻል።

መብትን ሳላነሳ አላልፍም። አንድ መሥሪያ ቤት የዋና ቢሮውን ዲዛይን «በውድድር» ጠርቶ፣ የሁሉንም ፋይል ሰብስቦ፣ አሸናፊ ሳያውጅ ሥራውን ለሌላ ሲሰጥ አይቻለሁ። ከዓመታት በኋላ ሕንፃው ሲወጣ የአንዱ ልጅ መግቢያ፣ የሌላዋ ደረጃ ተለጥፎበት ነበር። ልጆቹ ማንን ይጠይቁ? ደንቡ ላይ «የገባው ሥራ ሁሉ የአዘጋጁ ንብረት ይሆናል» የሚል መስመር ነበር። ማንም ከቁም ነገር አልቆጠረውም። እንዲህ ያለ መስመር ካየሽ በጥያቄው ጊዜ በጽሑፍ ጠይቂ፦ ያላሸነፈ ሥራ የማን ነው? መልስ ካልመጣ ተዪው።

የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የሥነ ሕንፃ ሥራን ይሸፍናል። ከፊልምና ከሥዕል እኩል ጥበቃ አለሽ። ነገር ግን አንድ ነገር አስተውዪ። ተቀጥረሽ ወይም ታዘሽ የሠራሽው ሥራ የገንዘብ መብቱ፣ በውል ሌላ ካልተባለ፣ ወደ አሠሪው ይሄዳል። በስምሽ ይታወቅ የማለት የሞራል መብትሽ ግን ያንቺ ነው። ስለዚህ በቢሮ ሰዓት በቢሮ ኮምፒውተር የውድድር ሥራ አትሥሪ። ከቢሮው ጋር ሆናችሁ ከገባችሁ ደግሞ የማን ስም በምን ቅደም ተከተል እንደሚጻፍ ከመጀመሩ በፊት በወረቀት ይፈረም። ሳይቃጠል በቅጠል ነው።

ወደ ዋናው ነገር ልግባ። አንቺ የጎደለብሽ የሚመስልሽ ለአዲስ አበባ መቅረብ ነው። እኔ የምለው ደግሞ አዲስ አበባ ያለው ጓደኛሽ የሌለው ትልቅ ሀብት በእጅሽ አለ። የተቀመጥሽው 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ውርጭ በሚመታው አገር፣ ወደ ጣርማ በር ብትሄጂ ደጋው ተሰብሮ ቆላው የሚጀምርበት ጫፍ ላይ ነው። በጥቂት ሰዓት መንገድ ውስጥ የመንዝ የድንጋይ ቤት፣ የአንኮበር ቁልቁለት፣ የይፋት ቆላ አለ። ውድድር የሚያሸንፈው ሐሳብ የሚወጣው ከእንዲህ ያለ ቦታ ነው።

ብርዱን ውሰጂ። ደብረ ብርሃን ከምድር ወገብ በሰሜን አሥር ዲግሪ ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ነው ያለችው። ስለዚህ በታኅሣሥ እኩለ ቀን ፀሐይ በደቡብ በኩል ወደ 57 ዲግሪ ከፍታ ላይ ትሆናለች። በሰኔ ደግሞ ወደ ሰሜን ዞራ ከ75 ዲግሪ በላይ ትወጣለች። ትርጉሙ ግልጽ ነው። ሙቀት በሚፈለግበት ወር ፀሐይ የምትገባው በደቡብ መስኮት ነው። ከተማችሁ ውስጥ ዋናው መንገድ ላይ የሚሠሩትን ሕንፃዎች እዪ። መስታወቱ ፊቱን የሚያዞረው ወደ አስፋልቱ ነው፤ ደቡብ ይሁን ሰሜን ግድ የለውም። ሰሜን የሚያየው ቢሮ ሰው ሙሉ ቀን በካፖርት ተቀምጦ ይሠራል። ይህን አንድ ነገር ብቻ ይዘሽ፣ ለአንድ ትምህርት ቤት ወይም ለአንድ ጤና ጣቢያ የሚሆን ሴክሽን ብትሠሪ፣ በየትኛውም የአየር ንብረት ውድድር ላይ የሚቆም ሥራ ነው።

ከዚያ ጥናቱ። የማማክርሽ አንድ ነባር የድንጋይ ቤት መርጠሽ በትክክል እንድትለኪ ነው። አንድ ብቻ። መሐል ሜዳ አካባቢ ዘመድ ካለሽ ከዚያ ጀምሪ፤ ከሌለሽም ደብረ ብርሃን ዙሪያ ገጠሩ ቅርብ ነው። ባለቤቱን አስፈቅጂ፤ ለምን እንደምትለኪ ንገሪው፤ ሰው ቤቱ ሲለካ ለግብር ወይም ለማፍረስ ይመስለዋል። ክብ ቤት ከሆነ መሐል ምሰሶው መነሻሽ ነው። ሜትሩን እዚያ አስይዘሽ ወደ ግድግዳው በአሥራ ሁለት አቅጣጫ ለኪ። ቤቱ እኩል ክብ እንዳልሆነ ታገኚዋለሽ፤ ልዩነቱን አታስተካክዪው፤ እንዳለ ሳዪው። ምሰሶው ራሱ ከመሐል ፈቀቅ ያለ ሊሆን ስለሚችል ከበሩ ጠርዝም ጥቂት ሰያፍ ልኮች ያዢ፤ ያኔ ስህተቱ ይታረማል።

የግድግዳውን ውፍረት በሩ ላይ ለኪ፤ ሁለቱም ፊቱ ስለሚታይ ቀላሉ እዚያ ነው። ከላይ ቱንቢ ጥለሽ ግድግዳው ወደ ውስጥ ምን ያህል እንደሚያዘነብል እዪ። ድንጋዩ በጭቃ ነው የተያያዘው ወይስ ደረቅ ነው? የማዕዘን ድንጋይ አለው? በሩ ላይ ያለው እንጨት ስንት ነው? ወደ ጣሪያው ስትወጪ ወራጁን ቁጠሪ፣ የማገሩን ርቀት ለኪ፣ በምን እንደታሰረም ጻፊ። ክዳኑ የጓሳ ሣር ከሆነ ከየት እንደመጣ፣ ማን እንዳጨደው፣ ለመጨረሻ ጊዜ መቼ እንደተከደነ ጠይቂ። የመንዝ ሕዝብ ያን የጓሳ መሬት በራሱ ሥርዓት፣ በቀሮ፣ እየዘጋና እየከፈተ ለዘመናት ጠብቆታል። ለአርክቴክት ይህ ትልቅ ትምህርት ነው፤ የክዳኑ ዕድሜ የተመሠረተው በግጦሽ ስምምነት ላይ ነው። ሣሩ ከተመናመነ ቆርቆሮ ይመጣል፤ ቆርቆሮ ሲመጣ ሌሊቱ ይቀዘቅዛል።

አንድ ነገር ጨምሪ። ሁለት ርካሽ ቴርሞሜትር ግዢ። አንዱን ውስጥ፣ ሌላውን ደጅ ጥላ ላይ ስቀዪ። ከኅዳር እስከ ጥር ባለቤቱ ወይም ልጁ ማታ ሲተኙና ጠዋት ሳይነጋ ሁለቱን አንብቦ በደብተር ይጻፍልሽ። ያው ቁጥር ከብሎኬትና ከቆርቆሮ ከተሠራ ጎረቤት ቤትም ይወሰድ። ይህን ሠንጠረዥ የያዘ ሰሌዳ ዳኛ ፊት ሲቀርብ አስቢው። ሌላው ሁሉ «ነባር ዕውቀትን መሠረት ያደረገ» ብሎ ሲጽፍ አንቺ ልኩን ታሳያለሽ።

ይህ መንገድ የት እንደሚያደርስ ከአፍሪካ ምሳሌ አለን። የቡርኪና ፋሶው ፍራንሲስ ኬሬ በርሊን ሲማር ገንዘብ አሰባስቦ በተወለደበት በጋንዶ መንደር የጭቃ ጡብ ትምህርት ቤት ሠራ። በ2001 እ.ኤ.አ. ተጠናቀቀ። በ2004 የአጋ ካን የሥነ ሕንፃ ሽልማትን አገኘ። በ2022 ደግሞ በሙያችን ትልቅ የሚባለውን የፕሪትዝከር ሽልማት የወሰደ የመጀመሪያው አፍሪካዊ ሆነ። መነሻው ዘመዶቹ የሚማሩበት፣ ሙቀቱን አሳምሮ የሚያውቀው መንደር ነበር። ለእሱ ችግሩ ሙቀት ነው፤ ላንቺ ብርድ ነው።

የአጋ ካን ሽልማትን ካነሳሁ አይቀር፣ በዞናችሁ ይህን የሚያስታውስ ሰው ስለማላይ ልጨምርበት። በ1977 እ.ኤ.አ. የተቋቋመ ነው፤ በየሦስት ዓመቱ ይሰጣል፤ ጠቅላላው አንድ ሚሊዮን ዶላር ነው። የሚመለከተው ሙስሊሞች በብዛት የሚኖሩበትን አካባቢ ነው። ሰሜን ሸዋ ውስጥ ከአልዩ አምባ እስከ ሸዋ ሮቢት ያለው ቆላ በዚህ ውስጥ ይገባል። ወረቀት ላይ ያለ ሐሳብ አይቀበልም፤ የተሠራና ሰው የሚጠቀምበት መሆን አለበት። ለመጨረሻው ዙር የሚደርሱትን ባለሙያ ልኮ በቦታው ያስመረምራል። አንድ መድረሳ፣ አንድ የገበያ ጥላ፣ አንድ የውሃ ነጥብ በደንብ ከሠራሽ መንገዱ ክፍት ነው። ትንሽ ነው ብለሽ አትተዪው፤ ትናንሽ ሥራዎች አሸንፈውበታል።

ለቅርስ ዝንባሌ ካለሽ ደግሞ የዓለም ሐውልቶች ፈንድ በየሁለት ዓመቱ የሚያወጣውን አደጋ ላይ ያሉ ቦታዎች ዝርዝር ተከታተዪ። ግለሰብም፣ የአካባቢ ማኅበረሰብም ቦታ መጠቆም ይችላል። በይፋት ቆላ የጥንቱ ሱልጣኔት ዘመን የድንጋይ ከተሞች ፍርስራሽ አለ፤ ኖራ ላይ ያለው መስጊድ ግድግዳው ቆሞ ይታያል። አጥኚዎች ጽፈውበታል፤ የአካባቢው አርክቴክት ግን እጁን አላሳረፈበትም። እዚያ ለመለካት የቅርስ ባለሥልጣንና የወረዳው ባህልና ቱሪዝም ፈቃድ ያስፈልግሻል። ያለ ደብዳቤ አትሂጂ፤ ድንጋይም አታንሺ።

ሥልጠናን በተመለከተ ምርጫዬ ቀላል ነው። የመሬት መንቀጥቀጥ የሚል ቃል ያለበት ሥልጠና ከመጣ፣ ተበድረሽም ቢሆን ሂጂ። የሰሜን ሸዋ ምሥራቃዊ ጫፍ ስምጥ ሸለቆውን ነው የሚያዋስነው። በ1953 ዓ.ም. የካራ ቆሬ መንቀጥቀጥ ማጀቴን አፍርሷታል። በ2017 ዓ.ም. በአዋሽ ፈንታሌና በዶፈን አካባቢ የነበረውን ንቅናቄ ደግሞ ሁላችንም በእግራችን ሥር ሰምተነዋል። ብዙ አርክቴክት ይህ የስትራክቸር መሐንዲሱ ጉዳይ ነው ብሎ ያልፈዋል። መሐንዲሱ የሚያሰላው እኛ የሳልነውን ነው። ምድር ቤቱን ለሱቅ ብለን ግድግዳ አልባ አድርገን፣ ከላይ በብሎኬት የታፈነ አራት ፎቅ ስንጭንበት፣ ሲናወጥ ጉዳቱ የሚሰበሰበው በዚያ ባዶ ወለል ዓምዶች ላይ ነው። ዓምድን በግማሽ ቁመት ግድግዳ አስረን ከላይ መስኮት ስንከፍት ደግሞ ነፃ የቀረችው አጭር ክፍል ትሰበራለች። ሁለቱም ውሳኔ የእኛ ነው። በ1995 እ.ኤ.አ. ከወጣው የኢትዮጵያ የሕንፃ ኮድ በኋላ በ2015 እ.ኤ.አ. አዲሱ መጥቷል፤ የመንቀጥቀጥ ክፍሉ ኢኤስ ኢኤን 1998 ይባላል፤ 1998 መለያ ቁጥሩ እንጂ ዓመት አይደለም። ሁሉንም አንብቢ አልልሽም። የሕንፃ ቅርጽና አቀማመጥ ላይ የሚያወራውን ክፍል ግን አንብቢው፤ እሱ የተጻፈው ለእኛም ነው።

የሶፍትዌር ሥልጠና በነፃ ኢንተርኔት ላይ ሞልቷል፤ ለእሱ አዲስ አበባ አትውረጂ። ኮንፈረንስ ደግሞ ወረቀት የምታቀርቢበት ካልሆነ ገንዘብ መጨረስ ነው። የዓለም አቀፉ ኅብረት ጉባኤ በየሦስት ዓመቱ ይደረጋል፤ በ2014 እ.ኤ.አ. ደርባን ላይ እንደነበረው ወደ አፍሪካ ሲመጣ የተሻለ ዕድል አለ። ያ የቤት ልኬትና የሙቀት ሠንጠረዥ ካለሽ አጭር ጽሑፍ አዘጋጅተሽ ላኪ፤ ተቀባይነት ያገኘ ጽሑፍ ካለሽ የጉዞ ድጋፍ ለመጠየቅም አፍ ይኖርሻል።

አንድ ውድድር የማይጠራበት ሥራም አለ። ከተማችሁ ብዙ ተፈናቃይ ወገን ተቀብላለች። አጣዬ በ2013 ዓ.ም. ስትቃጠል ቤት ያጣው ሰው ብዙ ነው። በዚያ ብርድ ሸራ ሥር የሚያድር ሕፃን ባለበት ከተማ የአርክቴክት ማኅበር አባል መሆን ምን ማለት ነው ብዬ እጠይቃለሁ። ወለሉን ከመሬት ከፍ ማድረግ፣ ነፋሱ የሚመጣበትን ፊት መዝጋት፣ የጎርፉን መውረጃ መቀየስ፤ እነዚህ የግማሽ ቀን ሥዕል የሚፈልጉ ነገሮች ናቸው። ከተማ አስተዳደሩን ወይም እዚያ የሚሠራ የእርዳታ ድርጅት ጠይቂ። ክፍያ የለውም። ግን ከማንኛውም ሰሌዳ ቀድሞ መሠራት ያለበት እሱ ነው።

መዋጮው ይጠቅማል ወይ ላልሽው፣ አዎ፤ ስትጠይቂበት ይጠቅማል። ማኅበር ማለት ቴሌግራም ግሩፕ አይደለም። አባል ነሽ፤ በጠቅላላ ጉባኤ ድምፅ አለሽ፤ ደብዳቤ ስትጽፊ መልስ ይገባሻል። ብቻሽን አትጻፊ። ደብረ ብርሃን፣ ሸዋ ሮቢት፣ መሐል ሜዳ፣ ዓለም ከተማ ያሉትን አባላት አሰባስቢ። ሰባት ስምንት ሰው ከፈረመ ይበቃል። ሁለት ነገር ብቻ ጠይቁ። አንደኛ፣ በዓመት አንድ ሥልጠና ደብረ ብርሃን ይሰጥ፤ አሠልጣኙ ይምጣ፤ አዳራሽ ከዩኒቨርሲቲው እንለምናለን በሉ። ሁለተኛ፣ ከተማው ወይም ዞኑ የሕዝብ ሕንፃ ውድድር ሲያወጣ ማኅበሩ ደንቡን አይቶ ዳኛ ይመድብ። ደብረ ብርሃን ከኢንዱስትሪው ጋር በፍጥነት እያደገች ነው፤ ሕንፃዎቿ በማን እንደሚዳኙ ከአሁኑ ካልተነጋገራችሁ በኋላ ይመሻል።

ለመጀመር የሚመች ቀንም አለ። የዓለም የሥነ ሕንፃ ቀን በየዓመቱ በኦክቶበር ወር የመጀመሪያው ሰኞ ይከበራል፤ በእኛ አቆጣጠር መስከረም 20ዎቹ ውስጥ ይውላል። የዚያን ሰሞን የለካችኋቸውን ቤቶች ሥዕል በአንድ አዳራሽ ስቀሉ። የቤቱን ባለቤት ጋብዙት። ከንቲባውንም ጋብዙ። ማዘጋጃ ቤቱ በሚያወጣው ሥራ ላይ ሐሳባችሁ የሚጠየቀው ፊታችሁን ሲያውቁት ነው።

ስለ ሙያ ፈቃድሽ አልጠየቅሽም፤ ግን ዛሬውኑ መዝገብ ክፈቺ። የሠራሽውን ፕሮጀክት፣ በእሱ ላይ የነበረሽን ድርሻ፣ ቀኑን ጽፈሽ አለቃሽን በየጊዜው አስፈርሚ። ደረጃ ስታሳድጊ የልምድ ማስረጃ ትጠየቂያለሽ፤ ቢሮው ሲዘጋ ወይም ስትጣሉ ፊርማ ለማግኘት ይከብዳል።

ለዘንድሮ ካሰብሻቸው ውድድሮች አንዱን መርጠሽ ሙሉ ደንቡን ላኪልኝ። ዳኞቹንና የመብት አንቀጹን አብረን እናየዋለን፤ ፖስተሩን ግን አትላኪልኝ።